ሁለት ጊዜ የማይጠየቁት እንግዳ

ቅዳሜ ማታ ሶፋችሁ ላይ ጋደም ብላችሁ የምታዩት የምሽት ፕሮግራም የሚቀረጸው በጠራራ ፀሐይ መሆኑን ብነግራችሁ ጣቢያው የሚቀየመኝ አይመስለኝም። ቢቀየመኝም ይቀየመኝ። አቅራቢው «እንደምን አመሻችሁ!» ሲላችሁ ገና ከምሳ መመለሱ ነው፤ የዳጣው ቃጠሎ ከከንፈሩ አልጠፋም። ከኋላው በመብራት አሸብርቆ የሚታየው የሶዶ ሌሊት ሸራ ላይ የታተመ ፎቶ ነው። ፉት እያለ የሚጠጣበት ትልቅ ኩባያ ባዶ ነው። እንግዳው ወግ ሲጀምርለት «እንዴ! በእውነት?» ብሎ ከወንበሩ ብድግ የሚለውም ወጉን ከነመጨረሻው እያወቀው ነው።

እንዴት አወቀው? እኔ ነግሬው ነዋ!

ያኔ ሥራዬ እንግዳ ማፈላለግ ነበር። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የቅዳሜ ማታው የአማርኛ ፕሮግራም ላይ። ስሜ በፕሮግራሙ መጨረሻ በደቃቅ ፊደል ሽው ብሎ ያልፋል። እናቴ የትውልድ መንደሬ ጉኑኖ ሆና መነጽሯን ይዛ ወደ ቴሌቪዥኑ ስትሮጥ አንድም ቀን ደርሳበት አታውቅም። «ምህረት የሚለውን አየሁ መሰለኝ» ትለኛለች፤ አላየችም።

እንግዳ በትልቅነቱ የሚመረጥ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ባለሥልጣን ጋብዘን እናውቃለን፤ የተጻፈ ነገር ይዞ መጥቶ ጥያቄውን ሳይሰማ አንብቦልን ሄደ። ሯጭ ጋብዘን እናውቃለን፤ ለሁሉም ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎን ሩጫው ከፈጀበት ጊዜ ባነሰ ጊዜ ጨረሰ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ «የልጅነት ትዝታዎ ምንድን ነው?» ስንላቸው ትዝታ የሚለውን ቃል በመተርጎም ጀምረው ልጅነት ላይ ሳይደርሱ ሰዓቱ አለቀ። ለምሽት ፕሮግራም የሚሆነው ወሬው የሚጥም ሰው ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ መንገዱ አንድ ነው፤ አስቀድሞ ደውሎ ማስወራት። እኔ ደውዬ አስወራለሁ፣ ያሳቀኝን መርጬ በትንንሽ ካርዶች እጽፋለሁ፣ አቅራቢያችን ዳዊት ካርዶቹን አጥንቶ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ቅድመ ቃለ መጠይቅ እንለዋለን።

ዳዊት መልከ መልካም ነው፤ አማርኛውም እንደ ውሃ ይፈሳል። እኔም አንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ልሞክር ብዬ ኃላፊያችንን አቶ መስፍንን ጠይቄያቸው ነበር። በደግነት ነው የመለሱልኝ። «ምህረት፣ ያንቺ ድምፅ ለስልክ ነው የተፈጠረው» አሉኝ። አማርኛዬ ውስጥ ጉኑኖ ይሰማል ማለታቸው ነው። ይሰማል፤ የት ይሂድ?

ታዲያ አንድ ሰኞ አቶ መስፍን ዳዊትንና እኔን ቢሮ ጠሩንና ነገሩን አፈረጡት። ሰው ፕሮግራማችንን እያየ እንቅልፍ ይወስደዋል። የሚመጣው ቅዳሜ እንግዳ ተመልካች ካልያዘልን ሰዓቱ ለዘፈን ቪዲዮ ይሰጣል። ዳዊት ዜና ማንበብ ይችላል። የእኔ ኮንትራት ግን ከፕሮግራሙ ጋር የተሰፋ ነው፤ እሱ ሲሞት እኔም እሸኛለሁ። ከቢሮው ስንወጣ ዳዊት «አይዞሽ፣ ለቅዳሜ የቀጠርነው ዘፋኝ አለልን» አለኝ። ዘፋኙ በማግስቱ ደውሎ ሐዋሳ ሠርግ አገኘሁ ብሎ ቀረ።

የቀሩኝ ጋሽ ጮራሞ ነበሩ።

ጋሽ ጮራሞ የጉኑኖ ሽማግሌ ናቸው። ባልና ሚስት በማስታረቅ የታወቁ ስለሆኑ መንገድ ላይ ከታዩ ሰው «ዛሬ ደግሞ ማን ተጣላ?» ይላል። እናቴ ናት የጠቆመችኝ። ደወልኩላቸው። እኚህ ሰውን ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው አንድ ጊዜ ከገዛ ሚስታቸው ተጣልተው፣ አስታራቂ አጥተው፣ የራሳቸው ሽማግሌ ሆነው የሄዱበትን ታሪክ አጫወቱኝ። ስልኩን ይዤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ስስቅ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ «ማን ሞተብሽ?» ብላ ሮጣ ገባች።

ዳዊት ግን ፊቱን አጨፈገገ። «ሽማግሌ? ለማታ ፕሮግራም?»

«ዳዊት፣ ካልሳቁልህ እኔ ራሴ ዕቃዬን ሸክፌ እሄዳለሁ» አልኩት። ለነገሩ ካልሳቁ መሄዴ አይቀርም ነበር።

ቅዳሜ ጋሽ ጮራሞ ከሚኒባስ ወረዱ፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣቸውን ደፍተው። «ሳሮ!» ብለው ከጥበቃው ጀምሮ ግቢውን ሁሉ ሰላም አሉ። ስቱዲዮ ሳስገባቸው ሸራው ፊት ቆሙና አንገታቸውን ዘመም አድርገው አዩት።

«ይሄ ሶዶ ነው?»

«አዎ፣ ሶዶ በሌሊት።»

«ዳሞታ ተራራ በዚህ በኩል ምን ይሠራል? ማን አዞረው?»

ሸራው ሲታተም ግራው ወደ ቀኝ ተገልብጦ ኖሯል። ስንት ቅዳሜ ሙሉ ማናችንም ልብ አላልነውም። ያን ጊዜ ገባኝ። እኚህ ሰው ያዩትን ዝም ብለው የሚያልፉ አይደሉም፤ የምሽት ፕሮግራም ደግሞ የሚቆመው ሁሉም ሰው ያየውን ዝም ብሎ ሲያልፍ ነው።

ተመልካች ሆነው የተቀመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ምልክት ሲሰጣቸው ያጨበጭባሉ። አቶ መስፍን ከመስታወቱ ጀርባ መቆጣጠሪያ ክፍል ገቡ። እኔ የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ካሜራው ሥር ተቀመጥኩ። መብራቱ በራ።

«ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ!» አለ ዳዊት። ጭብጨባ። «ጋሽ ጮራሞ፣ እንደምን አመሹ?»

ጋሽ ጮራሞ በር በሩን አዩ። ከዚያ በሐዘኔታ ወደ ዳዊት ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ምሳ አሁን አይደል የበላነው? ደህና ነህ?»

ተማሪዎቹ ያለ ምልክት ሳቁ። ቀረጻው ቆመ። ሄጄ፣ ፕሮግራሙ የሚታየው ማታ ስለሆነ እንደመሸ አድርገን ነው የምናወራው ብዬ አስረዳኋቸው። አሰቡበት። «ያልመሸውን መሽቷል አልልም። ደህና ነኝ ልበል፤ ደህና መሆኔ እውነት ነው» አሉ። ተስማማን።

እንደገና ጀመርን። ዳዊት ኩባያውን አንስቶ ፉት አለ። ጋሽ ጮራሞ አንገታቸውን አሰገጉና ኩባያው ውስጥ አዩ። «ባዶ ነው! ኧረ ለልጁ ውሃ ስጡት፣ በዚህ ሙቀት!»

ሳቅ። ለሦስተኛ ጊዜ ተጀመረ። ዳዊት ላቡን ጠረገና ቶሎ ወደ ዋናው ነገር ገባ።

«ጋሽ ጮራሞ፣ እርስዎ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ነዎት። ለመሆኑ ራስዎ ከባለቤትዎ ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

«አዎ።»

ዳዊት ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። የሚመጣ የለም።

«እ… እንዴት ተጣላችሁ?»

ጋሽ ጮራሞ ከዘራቸውን አንስተው ካሜራው ሥር ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ አመለከቱ። «ለዚያች ልጅ ነግሬያታለሁ።»

«አዎ፣ እሱማ ነግረዋታል። ለተመልካቾቻችን ቢደግሙልን?»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። መቆጣት አይደለም፤ ከዚያ የባሰ ነው፤ መከፋት ነው። «ያስቀረሁባት ነገር አለ?»

«ኧረ የለም!»

«ዋሽቷል አለች?»

«በፍጹም!»

«ታዲያ ለምን ሁለተኛ ትጠይቀኛለህ?» ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እኛ ለሽምግልና ስንቀመጥ ሰው ቃሉን አንድ ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛ የምንጠይቀው ያላመንነውን ሰው ነው። ይሄ ሁሉ ተማሪ ፊት የማልታመን ሰው ልታደርገኝ ነው ያመጣኸኝ?»

ዳዊት ጨነቀውና ወደ ካርዱ ሸሸ። «እዚህ ላይ… አውራ ዶሮው…»

ጋሽ ጮራሞ ካርዱን ከእጁ ወሰዱት። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። «ይኸው! ዶሮው አለ፣ አማቴ አሉ፣ ባርኔጣው አለ። ሁሉን እያወቅህ ነው የምትጠይቀኝ!»

«እንዴ! በእውነት?» አለ ዳዊት። ምስኪን፣ ልማድ ሆኖበት እኮ ነው።

በጆሮዬ የአቶ መስፍን ድምፅ መጣ። «ምህረት፣ አንድ ነገር አድርጊ።» የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር። ጋሽ ጮራሞ ሊነሱ ከዘራቸውን ጨብጠዋል። እሳቸው ተነሱ ማለት እኔም ከዚያ ጣቢያ ተነሳሁ ማለት ነው። ከተቀመጥኩበት ዘልዬ መድረኩ ላይ ወጣሁና ጉልበታቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ካሜራው እየቀረጸ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

«እሷ ነው የሰማው» አሉ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። ጋሽ ጮራሞ እንደ ብዙዎቻችን አማርኛ ሲናገሩ ስለ ወንድና ሴት እምብዛም አይጨነቁም። «የሰማ ሰው ይመሰክራል፤ ባለጉዳይ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ተናገሪ። ከሳትሽ አርምሻለሁ።» ከዚያ ወደ ዳዊት ዞሩ። «አንተ ተነሳላት። ምስክር መሃል ነው የሚቀመጠው።»

ዳዊት ተነሳ! ለምን እንደተነሳ እስከ ዛሬ አያውቅም። ሶፋው ላይ ከእሳቸው ጎን ተቀመጠ፣ እኔ ደግሞ የአቅራቢው ወንበር ላይ፣ በጠፍጣፋ ጫማና በላብ በወዛ ፊት።

ጀመርኩ። ድምፄ ውስጥ ጉኑኖ ሙሉ በሙሉ ይሰማል። «ጋሽ ጮራሞ አንድ ቀን አንድ ባልና ሚስት አስታረቁ…» እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እሺ» ይላሉ። «ደግ» ይላሉ። ቀጠልኩ። «እሺ።» ተማሪዎቹ በጨዋ ደንብ ያዩኛል፤ አንዱ ስልኩን አወጣ። የሰውየውን ታሪክ ሰውየው ፊት እየተናገርኩ፣ ሰውየው ልክ ነው እያሉኝ፣ ዓይኔ እያየ ሞትኩ።

«…በዕርቁም በጣም ስለተደሰቱ፣ ለድግሱ እቤታቸው ያለውን ትንሽ ዶሮ እሰጣለሁ ብለው ቃል ገቡ» አልኩ። ትንሽ የሚለው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከፍርሃት ነው።

«ምን?» ጋሽ ጮራሞ ቀና አሉ። «ትንሽ? ማን ትንሽ አለሽ?»

«አይ… ማለቴ…»

«ያ አውራ ዶሮ ትንሽ? ውሻ እኮ መንገድ ይለቅለት ነበር! ሲጮህ የጎረቤት ሕፃን ይሰበስባል። ሚስቴ አስቴር ከጫጩትነቱ በእጇ አጉርሳ ነው ያሳደገችው፤ ሶዶ ያለችው ልጃችን ስትወልድ ለአራስ መጠየቂያ ልትወስድላት። እኔ እሱን ነው ሳላስፈቅድ ለሰው የሰጠሁት! ትንሽ ዶሮ ቢሆንማ ሚስቴ ጥላኝ ትሄድ ነበር?»

አዳራሹ ፈነዳ። ስልኩን ያወጣው ልጅ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ይህን ጊዜ አንድ ነገር በራልኝ። እኚህ ሰው ሁለተኛ አይጠየቁም። ሲሳሳቱባቸው ግን ዝም ማለት አይችሉም። ዳሞታ በቦታው ባለመኖሩ ያልታገሡ ሰው ናቸው!

«ይቅርታ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። «ባለቤትዎም ተቆጥተው እናታቸው ቤት ሁምቦ ሄዱ። እርስዎም ወዳጆችዎን ሽማግሌዎች ሰብስበው ተከትለው ወረዱ…»

«ማንን ሰብስቤ? አንድ የመጣ የለም! ሁሉንም በየቤታቸው ለመንኩ። አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ በሬዬን አለ። ‹ስትገሥጸን ኖረሃል፣ አሁን ተራህ ነው› ብለው ሳቁብኝ። በዚያ ፀሐይ ለብቻዬ ነው ሁምቦ የወረድኩት።»

«አማትዎም ገና ሲያዩዎት በደስታ ተቀበሉዎት…»

«በደስታ?» ተነሱ። «የማን ቤት ሄደሽ ነው? አማቴ በሩ ላይ ቆመው ‹ያለ ሽማግሌ ባል እዚህ አይገባም፤ ሽማግሌህ የታለ?› አሉኝ። ‹ሽማግሌው እኔ ነኝ፣ መጥቻለሁ› አልኩ። ‹ባልየውስ?› አሉኝ። ‹ከኋላ እየመጣ ነው› አልኩ።»

አንዷ ተማሪ ከወንበሯ ተንሸራተተች። ዳዊት ሶፋው ላይ እጥፍ ብሏል። የምሩን ሲስቅ ፊቱ እንደዚያ እንደማያምር ያን ቀን ነው ያየሁት። እኔ ግን የቀረኝ አንድ ስሕተት ነበር፤ ትልቁ።

«እንግዲህ» አልኩ እጄን አጣምሬ፣ «ባልና ሽማግሌ አንድ ሰው ስለነበሩ፣ ሽማግሌው ለባልየው ትንሽ አደላ።»

ጋሽ ጮራሞ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ? ሽምግልና ተቀምጬ? አዳላሁ?» ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ደፉ። «እዪ! ሽማግሌው ሆኜ ባርኔጣዬን አድርጌ ተቀመጥኩ። ‹አንተ ጮራሞ! የሰው ዶሮ ስትሰጥ እጅህ አልተንቀጠቀጠም?›» ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ተነሱና ባዶው ቦታ ፊት ጎንበስ አሉ። «‹አጥፍቻለሁ።›» ተቀመጡ፣ ደፉ። «‹አጥፍቻለሁ ብቻ? የአራስ ዶሮ ነው! ከልጅህ አፍ ነው የቀማኸው!›» አወለቁ፣ ተነሱ። «‹ይቅር በሉኝ።›» ደፉ። «‹አንተ ይቅርታ የምታውቅ ሰው ነህ? ለመንደሩ ሁሉ አፍህ ማር፣ እቤትህ ስትገባ አንዲት ቃል ለሚስትህ የማትጥል! ሚስትህ ትማከራለች ወይስ ለዶሮ ጠባቂነት ነው ያገባሃት?›»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ፤ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ አፍታ የሚስቅ አልነበረም።

«ከዚያ» አሉ ባርኔጣውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «ከጓዳ አስቴር ወጣች። ‹ኧረ በቃ!› አለች። ‹ዶሮ ነው እንጂ ሰው አልገደለም! እናቴ፣ እኚህን ጨካኝ ሽማግሌ ከየት ነው ያመጣችሁት? ባሌን ገደሉት እኮ!› አለችና እጄን ይዛ አስነሳችኝ።»

ጭብጨባው ምልክት አልጠበቀም፣ ምልክት ቢሰጠውም አያቆምም ነበር። ዳዊት ዓይኑን እየጠረገ «ደህና እደሩ» ብሎ ዘጋ። ጋሽ ጮራሞም ካሜራውን አይተው «ደህና እደሩ። እኔ ግን ሚኒባስ ሳይሞላብኝ ልሂድ፤ ገና ቀን ነው» አሉ።

አቶ መስፍን ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሲወጡ ፊታቸው ቀልቷል። «ድንቅ ነው» አሉ። «አንቺን ብቻ ቆርጠን እናውጣሽ።» ኤዲተሩ ግን ሞክሮ ሞክሮ አቃተው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእኔ አላነሱም፤ እኔን ሲያወጣኝ ጋሽ ጮራሞ ከባዶ ወንበር ጋር የተጣሉ ሰው ይመስላሉ። እንደነበረ ተላለፈ። ላቤም፣ ጠፍጣፋ ጫማዬም፣ ጉኑኖም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ስልኬ ጮኸ።

«ምህረት ነሽ? አስቴር ነኝ። የዶሮው ባለቤት።»

«እማማ! አዩት?»

«መንደሩ በሙሉ እኔ ቤት ተሰብስቦ አየ። ጮራሞ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልተናገረው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ለመሆኑ እናንተ እንግዳ ስትመርጡ፣ እቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ ወይ ብላችሁ አትጠይቁም? ያ ባርኔጣ እኮ…»

«እማማ!» ብዬ ጮህኩ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «በጌታ! አይንገሩኝ!»

እዚያች ደቂቃ ላይ ነው ሥራዬ የተለወጠው፣ ከመድረኩ ይልቅ። ሰው አስቀድሞ አስወርቶ የሚኖር ሰው ነበርኩ፤ አሁን ላለመስማት ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ዛሬ የዚያ ፕሮግራም አቅራቢ ነኝ፤ ዳዊትም አብሮኝ አለ፤ ኩባያው ውስጥ ውሃ እናደርጋለን፤ ዳሞታም ወደ ቦታው ተመልሷል። እናቴ ደቃቅ ፊደል ለማንበብ አትሮጥም፤ ፊቴን ታየኛለች፣ «ፀጉርሽን ምን ነካው?» ትላለች። ቅድመ ቃለ መጠይቅ የሚባለውን ትቼዋለሁ። እንግዳ የምመርጠው ሲሳሳቱበት ዝም የማይል ሰው ነው። ካርዴ ላይ ጥያቄ ሳይሆን ስሕተት ነው የምጽፈው። እናንተም አባታችሁን «ስለ ወጣትነትህ ንገረኝ» ብላችሁ «ምን አለ ብላችሁ ነው» ብሎ ከዘጋችሁ፣ አትለምኑት። እሱ እየሰማ ለአጎታችሁ ታሪኩን አበላሽታችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ።

እማማ አስቴር ከዚያ ስልክ በኋላ በመጣው ቅዳሜ መጡ፤ የአቅራቢው ወንበር ላይ እኔ ነበርኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ጮራሞም አብረው መጥተው ከተማሪዎቹ መሃል ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ኩራት ኩራት ብሏቸው። በሳምንት ውስጥ ሶዶ ሙሉ አውቋቸዋል፤ ባጃጅ ነጂ ሁሉ በስማቸው እየጠራ ሰላም ብሏቸዋል።

መብራቱ በራ። እኔ ምንም አላውቅም ነበር።

«እማማ አስቴር» አልኩ፣ «እንግዲህ ጋሽ ጮራሞ በራሳቸው ብልሃት ያንን የባርኔጣ ዘዴ ፈጠሩና…»

«ማን ፈጠረ?» አሉ እማማ አስቴር።

«ጋሽ ጮራሞ ናቸዋ።»

«እሱ? እሱማ በር ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ነበር! በመስኮት ወጥቼ በጓሮ ዞሬ ‹ባርኔጣህን አድርግና ሽማግሌው ነኝ በል፣ ከዚያ አውልቅ› ያልኩት ማን ሆነና? መታረቅ የፈለግሁት እኔ ነኝ!»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ወደ ጋሽ ጮራሞ ዞረ። ካሜራውም ዞረ። ሽማግሌው ለማረም አፋቸውን ከፈቱ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ መልሰው ዘጉት። ከዚያ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።